የደረቀ ጉበት ካፕሱል የብረት ክኒንን ሊተካ ይችላልን?

ጠያቂ (ሜሪላንድ)

ጤና ይስጥልኝ። የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ባለፈው ወር በተደረገልኝ የደም ምርመራ ፌሪቲኔ (በሰውነት የተከማቸውን ብረት የሚያሳየው ልኬት) ዝቅ ብሎ 9 ሆኖ በመገኘቱ ሐኪሜ የብረት ክኒን አዘዘችልኝ፤ ነገር ግን ከጀመርኩት ወዲህ ሆዴ ይደርቃል፣ ጠዋት ጠዋትም ያቅለሸልሸኛል። ይህን የሰማች የሥራ ባልደረባዬ የደረቀ የከብት ጉበት ዱቄት ያለበት ካፕሱል አንድ ጠርሙስ ሰጠችኝ። እያንዳንዱ 500 ሚሊግራም ሲሆን በቀን 6 እንዲወሰድ ተጽፎበታል። እናቴም በስልክ ብነግራት «ድሮም ለዳፍንትና ለደም የሚበላው ጉበት ነው» ብላ ደገፈችው። ክኒኑን ትቼ በዚህ ብቀጥል ጉዳት ይኖረዋልን? ከባለቤቴ ጋር በዚህ ዓመት ልጅ ለመውለድ ማሰባችንን፣ ጾምም መቃረቡን ከግምት አስገቡልኝ።

ሚዛን

እህቴ፣ በሙያዬ ፋርማሲስት ስለሆንኩ ከሒሳቡ ልጀምር። የጥሬ ጉበት 70 በመቶ ያህሉ ውኃ ነው፤ ስለዚህ 6ቱ ካፕሱሎች፣ ማለትም 3 ግራም ዱቄት፣ የሚመጡት ከ10 ግራም ገደማ ጥሬ ጉበት ነው፤ ይህም አንድ ጉርሻ እንኳ የማይሞላ ቁራጭ ነው። 100 ግራም የከብት ጉበት 5 ሚሊግራም ያህል ብረት ስላለው ከካፕሱሉ በቀን የሚያገኙት ግማሽ ሚሊግራም ገደማ ብቻ ይሆናል። በእርስዎ ዕድሜ ላለች ሴት በቀን የሚመከረው 18 ሚሊግራም ሲሆን፣ የተለመደው 325 ሚሊግራም የፌረስ ሰልፌት ክኒን ደግሞ 65 ሚሊግራም ብረት ይዟል። የሥጋና የጉበት ብረት ከክኒኑ ይልቅ በቀላሉ ወደ ደም መግባቱ እውነት ነው፤ ሆኖም ልዩነቱ ይህን ያህል ክፍተት አይሞላም።

ጉበት ለደም ማነስ መድኃኒት ነው መባሉ መሠረት የሌለው አይደለም። በ1926 ማይኖትና መርፊ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች በየዕለቱ ብዙ ጉበት በማብላት በዚያን ጊዜ ይገድል የነበረ አንድ ዓይነት ደም ማነስ ማሻላቸውን አሳወቁ፤ በ1934ም ከዊፕል ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ያ በሽታ ግን ከቫይታሚን ቢ12 እጥረት የሚመጣ ነበር፤ ቫይታሚኑም ተለይቶ የወጣው በ1948 ነው። የእርስዎ የብረት እጥረት ነው፤ ሁለቱንም «ደም ማነስ» ብለን ስለምንጠራቸው ነው የሚምታቱት።

የልጅ ነገር ስላነሡ የበለጠ የሚያሳስበኝ ቫይታሚን ኤ ነው። 100 ግራም ጉበት 5,000 ማይክሮግራም ያህል ሬቲኖል (ከእንስሳት የሚገኘው ቫይታሚን ኤ) ሲኖረው፣ ለአዋቂ ሴት በቀን የሚመከረው 700፣ እንዳይታለፍ የተቀመጠው ጣሪያ ደግሞ 3,000 ማይክሮግራም ነው። የቀኑ 6 ካፕሱል 500 ማይክሮግራም ያህል ይሰጣል፤ ብቻውን ከመጠን አያልፍም፤ ነገር ግን ለእርግዝና የሚወሰደው መልቲቫይታሚንና በሳምንቱ መጨረሻ የሚበላው ዱለት ሲደመሩበት ነገሩ ይለወጣል። የበዛ ሬቲኖል ፅንሱን የሚጎዳው የፊቱና የልቡ ቅርጽ በሚሠራባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት፣ እናቲቱ ማርገዟን ሳታውቅ ጭምር በመሆኑ፣ የብሪታንያ የጤና አገልግሎት እርጉዞች ጉበት እንዳይበሉ ይመክራል። ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው የካሮት ቤታ ካሮቲን ግን ይህ ስጋት የለበትም።

የቄራ ልጅ

ሚዛን ያሉትን ባከብርም፣ ጉበት መርዝ እንዳይመስል እሰጋለሁ። አባቴ ሥጋ ቤት ስለነበረው ጨጓራውን አጥቦ፣ ጉበቱንና ኩላሊቱን አድቅቆ በቅቤና በሚጥሚጣ የሚያሽበትን ሰሌዳ አይቼ ነው ያደግሁት፤ በሳምንት አንድ ቀን የሚበላ ጤነኛ ሰው ከዱለት የሚያገኘውን ምግብነት ከጠርሙስ የሚፈልግበት ምክንያት አይታየኝም። ልጅ ላሰበች ሴት ግን የሚዛንን ምክር እደግፋለሁ፤ ለብለብ ወይም ጥሬ ከሆነማ ፅንስን ሊጎዳ የሚችለው ቶክሶፕላዝማ የተባለው ጥገኛ ተሕዋስም ሊኖርበት ይችላል። ሪህ ያለበትም ሰው ጉበትና ኩላሊት ዩሪክ አሲድ እንደሚያስነሡበት ይወቅ፤ ታላቅ ወንድሜ ከአንድ ሠርግ ማግስት የእግሩን አውራ ጣት አንሶላ እንኳ እንዳይነካው ይጮኽ ነበር።

እንግዳ

ስለ ጾሙ፦ ዱቄቱ ብቻ ሳይሆን ልባሱም ብዙውን ጊዜ ከከብት ወይም ከአሳማ ቆዳና አጥንት የሚሠራ ጄላቲን ነው። ለሕመም ሲሆን የንስሐ አባትዎን ያማክሩ።

ጠያቂ (ሜሪላንድ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሐኪሜን ደውዬ አነጋገርኳት፤ ክኒኑን አንድ ቀን እየዘለልኩ፣ ከቡናና ከሻይ አርቄ እንድወስደው ነገረችኝ። ጠርሙሱን ዛሬ አገላብጬ ሳየው ግን የቫይታሚን ኤ መጠን የትም አልተጻፈበትም። ይህ እንዴት ይፈቀዳል?

ሚዛን

አንድ ቀን መዝለሉ ሆድን ያሳርፋል፤ የብረቱም መመጠጥ ሊሻሻል ይችላል። ስለ ጠርሙሱ ደግሞ፣ በአሜሪካ በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት ሰፕልመንት አምራች ምርቱ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ደኅንነቱን ለመንግሥት አስመርምሮ ማስጸደቅ አይጠበቅበትም፤ ስለዚህ ብዙዎቹ የዱቄቱን ክብደት ብቻ ጽፈው ያልፋሉ። የዩኤስፒ ወይም የኤንኤስኤፍ ምልክት ያለበት ቢያንስ በገለልተኛ ወገን ተፈትሿል። የታይሮይድ ዕጢ ዱቄት የተቀላቀለባቸውም ይሸጣሉ፤ እነዚያ ሆርሞን ሊኖራቸው ስለሚችል ፈጽሞ አይንኳቸው። ጠርሙሱን ለባልደረባዎ ሲመልሱ፣ በቤቷ ለብጉር አይሶትሬቲኖይን የሚወስድ ልጅ ካለ እንዳትሰጠው ይንገሯት፤ መድኃኒቱ ራሱ የቫይታሚን ኤ ዘመድ ነው።