ኢንጅነሪንግ ልማር ልሄድ ነው፣ ከየአገሩ ልጅ ጋር ለሚኖርበት ዶርም ምን ብዬ ልጻፍ?

የጦሳ ልጅ፦

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁም። የደሴ ልጅ ነኝ፣ አስራ ሁለተኛን ጨርሼ አልሐምዱሊላህ አሜሪካ ስኮላርሺፕ አግኝቻለሁ፣ ሲቪል ኢንጅነሪንግ፣ ኢንሻአላህ ነሐሴ ላይ እሄዳለሁ። ጥያቄዬ ስለ ዶርም ነው። ጊቢው ውስጥ ከተራው ዶርም ሌላ ግማሹ የአገሩ ልጅ ግማሹ ከውጭ የመጣ ሆኖ አንድ ላይ የሚኖርበት ብሎክ አለ፣ ሩምሜትሽ የግድ ከሌላ አገር ነው፣ ኪችኑ የጋራ ነው፣ በሳምንት አንድ ቀን አብሮ ማብሰል አለ። እዚያ ለመግባት ግን መጻፍ አለብኝ፣ ምን ትጠብቂያለሽ ምንስ ይዘሽ ትመጫለሽ ነው የሚለው፣ 500 ቃል።

ጻፍኩ። ወሎ የፍቅር አገር ነው፣ ሙስሊም ክርስቲያኑ ተዋዶ የሚኖርበት ምናምን ብዬ። ታላቅ ወንድሜ አነበበውና ይሄንን እኮ ማንም ሰው ሊጽፈው ይችላል አለኝ። ከፋኝ፣ ግን ልክ ነው።

የልቤን ልንገራችሁ፣ ሲቪል የመረጥኩት በውሃ ምክንያት ነው። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓትም ቢመጣ ተነስቶ መቅዳት ነው፣ ቧንቧው መጀመሪያ አየር ይተፋል፣ እሱን ድምፅ ስሰማ እስካሁን ከእንቅልፌ እነሳለሁ፣ ከዚያ በርሜሉም ጀሪካኑም ባልዲውም ይሞላል። ክረምት ሲሆን ደግሞ ከጦሳ የሚወርደው ጎርፍ ድንጋይ እየገፋ መንገድ ላይ ነው፣ ቦርከና ሞልቶ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል፣ አዋሽ ይገባል፣ እኛ ባዶ ጀሪካን ይዘን ቆመን እናየዋለን። እና እኔ የምመኘው ምን መሰላችሁ፣ ከባንግላዴሽ የመጣች ልጅ ጋር አንድ ክፍል ማደር፣ ወይ ከሆላንድ፣ የመሬታቸው ሩብ ያህሉ ከባህር ወለል በታች ነው። የእነሱ ጭንቀት ውሃውን ማስወጣት ነው የእኛ ማምጣት። ማታ መብራት ጠፍቶ ተኝተን ቤታችሁ ውሃ ሲገባ እናትሽ መጀመሪያ ምን ታነሳለች ብዬ ልጠይቃት እፈልጋለሁ። ክላስ ውስጥ ይሄን ማን ያስተምረኛል።

ይሄ ለእንደዚህ ያለ ማመልከቻ ይሆናል ወይ? ደግሞስ እውነት እንደዚያ አይነት ወሬ ይወራል፣ ወይስ ሁሉም ከአገሩ ልጅ ጋር ነው የሚቀመጠው? እንግሊዝኛዬ ቀስ ይላል፣ ሶላቱም የምግቡም ነገር ያሳስበኛል። የምታውቁ ንገሩኝ።


ሳይት የዋለ፦

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ፣ አብሽሪ። ውጭ አልተማርኩም፣ ግን የአዋሽ ኮምቦልቻ ሐራ ገበያ ባቡር ሲሰራ ካምፕ ኖሬያለሁ፣ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው ማለት ነው፣ ኮንትራክተሩ የቱርክ ነበር። አዲስ ምሩቅ ነበርኩ። የመጀመሪያዎቹን ወራት ሁሉም በየቋንቋው ነው የሚበላው፣ ቱርኮቹ አንድ ጠረጴዛ፣ እኛም እርስ በርሳችን ተከፋፍለን። አስተዳደሩ ኳስ ጨዋታ ምናምን አዘጋጅቶ ነበር፣ ከኳሱ በኋላ ሁሉም ወደየጠረጴዛው ተመለሰ።

የቀየረን የኮንክሪት ሌሊት ነው። ትማሪዋለሽ፣ ትልቅ ሙሌት ከተጀመረ መሃል ላይ አይቆምም፣ የቀደመው ከደረቀ አዲሱ በደንብ አይያያዘውም፣ ስለዚህ እስኪያልቅ ማንም አይተኛም። ኮንክሪቱን የሚያመጣው ሚክሰር መኪና ሲዘገይ አብረን ቆመን መንገድ መንገዱን እናያለን፣ እነሱ ሻያቸውን በትንሿ ብርጭቆ ይሰጡናል፣ እኛ ቡና። ስም መጠራራት የጀመርነው ያኔ ነው፣ አንዱ ሰርቬየር የእናቱን መታመም የነገረኝም እንደዚያ ባለ ሌሊት ነው። እና እኔ የምልሽ ኪችን የማጽዳት ተራ ካለ መጀመሪያ ተመዝገቢ፣ አንድ ነገር የሚበላሽበት ስራ ላይ አብረሽ ካልቆምሽ ትውውቁ ሃይ ባይ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ስለ ውሃው የጻፍሽውን እንዳትነኪው፣ እሱን ነው መላክ ያለብሽ።


ከርቀት ወሎዬ፦

እኔ እንዲህ ያለ ዶርም ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ፣ መካኒካል። ጥያቄሽን በቀጥታ ልመልስ፣ አዎ ሁሉም ከአገሩ ልጅ ጋር መቀመጥ ይቀናዋል፣ እኔም ሀበሻ ፈልጌ ሌላ ብሎክ እሄድ ነበር ደክሞኝ ስውል፣ ይሄ ሀጢያት አይደለም፣ ሙሉ ቀን በሰው ቋንቋ ማሰብ ያደክማል።

ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ግሩፕ ፕሮጀክት ነበረን፣ ቅዳሜ በስምንት እንገናኝ ተባለ፣ እኔ ስምንት ሰዓት ስባል ከምሳ በኋላ ነው የታየኝ፣ ሄድኩ፣ ማንም የለም። እነሱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ተገናኝተው ጨርሰው ሄደዋል። ጥላን ቀረች ብለው አዝነውብኛል፣ እኔ ደግሞ በሀፍረት ሁለት ቀን ከክፍሌ አልወጣሁም። በኋላ ኪችን ውስጥ ወረቀት ላይ ስዬ አስረዳኋቸው፣ የእኛ ሰዓት ከጸሐይ መውጣት ጋር ነው የሚጀምረው ብዬ፣ አንዷ ኬንያዊት ብድግ ብላ እኛም በስዋሂሊ እንደዚሁ ነው፣ ጠዋት ሁለት ሰዓትን ሳ ምቢሊ ነው የምንለው አለች። ማልቀስ ነበር የቀረኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግሩፓችን ቀጠሮ ሲይዝ ጠዋት ወይ ማታ ተብሎ ይጻፋል። በዚያው ሰሞን ክላስ ላይ እ.ኤ.አ. በ1999 ማርስ ደርሳ ስለጠፋችው የናሳ መንኮራኩር ተማርን፣ አንዱ ቡድን በፓውንድ ያሰላውን ሌላው በኒውተን ነው ብሎ ወስዶት ነው የጠፋችው። የእኔ ቅዳሜ ማለት ነው በቃ። ኢንጅነር ለሚሆን ሰው ይሄን በዶርም እድሜ መማር ትልቅ ነገር ነው።

ሶላት አታስቢ፣ ለሩምሜትሽ በመጀመሪያው ቀን ንገሪያት፣ በአስረኛው ቀን ከሆነ የደበቅሽ ይመስላል። ለሐላሉ የራስሽን ድስት ግዢ። ቡና ተቆልቶ የተፈጨ ይዘሽ ሂጂ፣ እዚያ ልቁላ ካልሽ የጭስ አላርሙ ይጮህና ብሎኩ በሙሉ ወደ ውጭ ይወጣል፣ እጣንም በብዙ ዶርም ክልክል ነው።


ናፍቆት ከወልድያ፦

አጭር ነገር ልጨምር። እንዲህ ያለ ቤት ሀሳብ የመጣው እኮ ከሰላምታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1909 ኒውዮርክ ውስጥ ሃሪ ኤድመንድስ የሚባል ሰው ደረጃ ላይ ላገኘው ቻይናዊ ተማሪ እንደምን አደርክ ይለዋል፣ ልጁ ከመጣ ሶስት ሳምንቱ ነው፣ ያናገረኝ የመጀመሪያው ሰው አንተ ነህ አለው። ከዚያ ነው ነገሩ ተጀምሮ በ1924 ኢንተርናሽናል ሃውስ የተከፈተው፣ በ1930 ደግሞ ካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ላይ፣ ያኔ ጥቁሩም ነጩም እስያዊውም ወንዱም ሴቱም በአንድ ህንጻ ሊኖር ነው ተብሎ የአካባቢው ሰው ተቃውሞ ነበር። ሶስት ሳምንት! እኛ ጋ እንግዳ ሶስት ደቂቃ ዝም ተብሎ ይቀመጣል? አንቺ ገና ኮሪደሩ ላይ ያገኘሽውን ሁሉ ሰላም በይ፣ እንግሊዝኛው ራሱ ይፈታል።


ጡረተኛው መምህር፣ ሐይቅ፦

ልጄ፣ ወንድምሽ ደግ ነገር ነው የነገረሽ። ፍቅር የሚለውን ቃል ተዪውና ፍቅሩ እንዴት እንደሚሰራ ጻፊ። ሰርግ አይተሻል። ደጋሹ ሙስሊም ከሆነ ለክርስቲያኑ እንግዳ ለብቻው በግ ይገዛል፣ የሚያርደው ክርስቲያን ጎረቤት ነው፣ ቢላው ለብቻ፣ ድስቱ ለብቻ፣ ወጡን የምትሰራውም ክርስቲያን ጎረቤት ናት። ደጋሹ ክርስቲያን ሲሆንም እንደዚሁ ለሙስሊሙ ይደረጋል። ዳሱ ግን አንድ ነው። እናቴ ክርስቲያን ነበረች፣ ለሙስሊም ጎረቤቶቿ የሚሆን ድስት ከፍ ካለ መደርደሪያ ላይ በጨርቅ ሸፍና ታኖር ነበር፣ በዓመት አንዴ ሁለቴ ለሚወጣ ነገር ማንም እንዳይነካው ትቆጣን ነበር። እዚያ የምትገቢበት የጋራ ኪችን ውስጥ ስጋ የማይበላ ሂንዱ ይኖራል፣ አሳማ የሚበላም ይኖራል፣ አንቺ ደግሞ ሐላል ፈላጊ ነሽ። የድስቱን ነገር ከማንም በፊት የምታውቂው አንቺ ነሽ። ይዤ የምመጣው ይሄንን ነው በያቸው።


የጦሳ ልጅ፦

ጋሼ እድሜ ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም አላህ ያክብርልኝ። አነበብኩትና ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፣ የእኛም ቤት እኮ አለ ብላ ከቁም ሳጥን ላይ አውርዳ አሳየችኝ፣ ለካ ለጎረቤታችን ለእማማ ተብሎ ነው የተቀመጠው፣ እኔ ዘላለም ያረጀ ድስት ነው ብዬ ነበር የማልፈው። አሁን ማመልከቻው አየር በሚተፋው ቧንቧ ጀምሮ ወደ ድስቱ ይሄዳል፣ ጥያቄዬንም እንዳለ አስገባሁት፣ የባንግላዴሿን። ትናንት ማታ 640 ቃል ደርሶ ነበር፣ እየቆረጥኩ ነው።

ከርቀት ወሎዬ፣ አንድ ነገር ብቻ፣ የሸክላ ጀበና እዚያ ምድጃ ላይ ይሰራል?


ከርቀት ወሎዬ፦

ኢንዳክሽን ከሆነ ሸክላ አያሞቅም፣ ብረት ነው የሚፈልገው፣ ስለዚህ ጽፈሽ ምድጃው ምን አይነት እንደሆነ ጠይቂያቸው። ጋዝ ከሆነ የሸክላውን ያዢ፣ ግን በነጠላ ጠቅልለሽ በእጅ ሻንጣ፣ የእኔ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ገብቶ አንገቱ ተሰብሮ ነው የደረሰው።