የሐሙስ ማታ ስብሰባ ማመልከቻ፦ ዓርብ ሳይዘጋ ሐሳብ ስጡ

ጸሐፊዋ፣ ሰኞ ማታ 2፡15
የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻው ዓርብ 11 ሰዓት ይዘጋል። ረቂቁ ይኸው። አንብቡና ሐሳብ ስጡ። እንዳለፈው ጊዜ ካለቀ በኋላ «አላየሁትም» የሚል እንዳይመጣ።

ርዕስ፦ የድሪቶ ሠሪዎች የሐሙስ ማታ ስብሰባ።
ዓላማ፦ ከ22 አባላት 9ኙ ከባህር ዳር ወጥተዋል። ዘጌ፣ ወረታ፣ ጎንደርና አዲስ አበባ ናቸው። በየሳምንቱ ሐሙስ ከምሽቱ 2 ሰዓት በስልክ እየተገናኘን አንድ ትልቅ ብርድ ልብስ አብረን እንሰፋለን። እያንዳንዷ በየቤቷ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ ካሬ ትሠራለች። ባህር ዳር ያለነው እንገጣጥመዋለን።
በጀት፦ ለ9 ሰው ዳታ፣ በወር 300 ብር፣ ለ12 ወር 32,400። ሁለት የስልክ ማቆሚያ 2,400። ባዘቶና ገበር 12,200። ድምር 47,000። መጠየቅ የምንችለው ጣሪያ 50,000 ነው።

ሒሳብ ያዥዋ፣ ሰኞ ማታ 2፡40
ዓላማው ይስማማኛል። ዙም ግን ካልከፈሉበት 40 ደቂቃ ላይ ይዘጋል። ባለፈው ሰላምታ ሳንጨርስ ነው ያለቀብን። በቴሌግራም ይሁን። ደግሞ ሁላችን ካሜራ ከከፈትን 300 ብሩ ወር አያደርስም። የምትከፍተው ሥራ የምታሳየዋ ብቻ ትሁን። ስልኩም ወደ ፊቷ ሳይሆን ወደ እጇ ይዙር። ማቆሚያ የጠየቅነው ለዚህ ነው። በወተት ጣሳ ደግፈነው ሦስቴ ወድቋል።

የጎንደሯ፣ ሰኞ ማታ 2፡55
ሐሙስ ይመቸኛል። «ጨርቁ ከመቆረጡ በፊት ይታጠብ» የሚል ይጨመር። የቀዩን ነገር ማናችንም አልረሳነውም።

የሽንብጧ፣ ሰኞ ማታ 3፡05
«ድሪቶ» የሚለው ከርዕሱ ይውጣ። ሌላው ጥሩ ነው።

ጸሐፊዋ፣ ሰኞ ማታ 3፡09
ለምን? ስማችን እኮ ነው።

የሽንብጧ፣ ሰኞ ማታ 3፡12
የማን ስም? እኔ «ድሪቶ ሠሪ» ተብዬ ገንዘብ ልጠይቅ አልፈርምም። ድሪቶ የድሃ ልብስ ነው። ማመልከቻውን የሚያየው ሰው ቡትቶ የምንለቅም ነው የሚመስለው። የምንሠራውን ታውቁታላችሁ። አንዱን ብርድ ልብስ ሦስት ወር ነው የምንለፋበት።

የአባይ ማዶዋ፣ ሰኞ ማታ 3፡30
በአንድ ቃል አንጣላ። ሦስት ሦስት ፕሮፎርማ ያስፈልጋል አይደል? የባዘቶውንም የማቆሚያውንም እኔ አመጣለሁ። ነገ ድልድዩን ተሻግሬ ገበያ እወጣለሁ። እስከ ረቡዕ በእጃችሁ ነው።

ጸሐፊዋ፣ ሰኞ ማታ 3፡32
እግዜር ይስጥሽ። አደራ።

እማማ (የልጅ ልጃቸው እየጻፈች)፣ ማክሰኞ ጠዋት 2፡20
ልጆቼ፣ ትናንት ሲነበብልኝ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኔ የተወለድኩት ድሪቶ ላይ ነው። እናቴ በጃንሆይ ጊዜ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሲከፈት ገብታ ነበር። ቁርጥራጭ ካገኘች አትጥልም። ማታ በኩራዝ ትደርተዋለች። ከላይ እራፊውን፣ ከመሐል ባዘቶውን፣ ከሥር አቡጀዲውን አድርጋ ሦስቱን በረጅም መርፌ ትወጋጋዋለች። የጣና ንፋስ በክረምት ሲገባ ስድስት ልጆች በዚያ ሥር ነው ያደርነው። ደረተ ማለት ደራርቦ ሰፋ ማለት ነው። ምኑ ላይ ነው ስድቡ?

የሽንብጧ፣ ማክሰኞ ጠዋት 3፡00
እማማ፣ አንቱን ላሳዝን አልፈልግም። እኔም ግን ልንገርዎ። ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ስሜ ድሪቶ ነበር። ነጠላዬ ላይ ሦስት ዓይነት እራፊ ነበረ። በሰልፍ ላይ ከኋላ ሆነው ይቆጥሩታል። እናቴ ሌላ ልብስ መግዛት ስላልቻለች ነው እንጂ ጥበብ ብላ አልነበረም። አሁን ልጄ ማንበብ ትችላለች። የእናቷን ስም ከዚያ ቃል ሥር እንድታየው አልፈልግም።

የወረታዋ፣ ማክሰኞ ጠዋት 3፡25
ያንቺ ሕመም ይገባኛል። እማማም ልክ ናቸው። «ብርድ ልብስ» ብቻ እንበለው።

ሒሳብ ያዥዋ፣ ማክሰኞ ጠዋት 3፡40
ብርድ ልብስ ካልን ከፋብሪካ የሚወጣው ነው የሚመስላቸው። ያ በእጅ አይሰፋም። ታዲያ ባዘቶ ለምን ጠየቃችሁ ቢሉን ምን እንላለን?

የአዲስ አበባዋ፣ ማክሰኞ ቀን 7፡10
እዚህ ሱቅ ያላቸው ሰዎች «ኩዊልት» ነው የሚሉት። የውጭ ሰውም ያውቀዋል። ዋጋም ያወጣል። «ኩዊልት ሠሪዎች» ይባል።

የወረታዋ፣ ማክሰኞ ቀን 7፡18
ቅዳሜ ገበያ ላይ ቆመሽ ኩዊልት አለኝ በይ እስኪ። ማን ዞር ብሎ ያይሻል?

የአዲስ አበባዋ፣ ማክሰኞ ቀን 7፡20
ቅዳሜ ገበያ ላይ መቼ ሸጥን? ባለፈው ዓመት ሁለቱን የሸጥኳቸው እኔ ነኝ። እዚሁ አዲስ አበባ።

የወረታዋ፣ ማክሰኞ ቀን 7፡24
ሸጥሽ። ገንዘቡ ግን በአራተኛው ወር ነው የገባው። አዲስ አበባ ከገባሽ ወዲህ ቋንቋውም ገንዘቡም ሩቅ ሆኖብናል።

የአዲስ አበባዋ ከግሩፑ ወጥታለች።

ጸሐፊዋ፣ ማክሰኞ ቀን 7፡31
ይሄ ነውር ነው። የገንዘቡ ነገር በሰኔ ስብሰባ ተዘግቷል። ደረሰኙን ሁላችሁም አይታችኋል። ገዢው ነው ያዘገየው እንጂ እሷ አንድ ብር አልነካችም። ይሄን ማመልከቻ የጻፍኩት እኮ ሩቅ ያሉት እንዳይርቁን ነው። በ2015 ክረምት ዳታ ሲቋረጥ ምን ያህል እንደተጠፋፋን አትርሱ። ካሬዎቻችንን በአውቶቡስና በጀልባ ነበር የምንላላከው። ማን ታመመች፣ ማን ወለደች፣ የምናውቀው ከጨርቁ ጋር በምትመጣ ቁራጭ ወረቀት ነበር። የጎንደሯ እናቷ ማረፋቸውን እኛ የሰማነው ከአርባቸው በኋላ ነው። ሐሙስ ማታ የጠየቅሁት ለዚህ ነው።

የጎንደሯ፣ ማክሰኞ ማታ 1፡50
ያን ወረቀት እስካሁን አስቀምጬዋለሁ። ሁላችሁም የጻፋችሁበትን።

የወረታዋ፣ ማክሰኞ ማታ 3፡15
የገንዘቡን ማለት አልነበረብኝም። ተናድጄ ነው።

ጸሐፊዋ፣ ረቡዕ ጠዋት 4፡00
የአባይ ማዶዋ፣ ፕሮፎርማው ምን ደረሰ?

ጸሐፊዋ፣ ረቡዕ ማታ 12፡30
የአባይ ማዶዋ? ስልክሽ አይነሳም። ደህና ነሽ?

የሽንብጧ፣ ረቡዕ ማታ 1፡10
ፕሮፎርማው ቢመጣም ርዕሱ አልተወሰነም። «የእጅ ሥራ ባለሙያ ሴቶች» ይባል። ማንንም አያስከፋም።

እማማ (የልጅ ልጃቸው እየጻፈች)፣ ረቡዕ ማታ 1፡35
ሽንብጥ ያለሽው ልጄ፣ ስለ ነጠላሽ ያልሽውን አስነበብኩት። ደግሜም አስነበብኩት። እናትሽ ያን እራፊ የጣፈችልሽ ብርድ እንዳይመታሽ ብላ ነው። የቆጠሩት ልጆች ናቸው ያጠፉት። ቃሉ ካመመሽ ግን እኔ አልሟገትሽም። ይውጣ። እኔ በቤቴ ድሪቶ እለዋለሁ።

የሽንብጧ፣ ረቡዕ ማታ 1፡50
እማማ እግዜር ያክብርልኝ። ቅዳሜ ቡናውን እርስዎ ዘንድ መጥቼ አፈላለሁ።

የአዲስ አበባዋ ወደ ግሩፑ ተመልሳለች።

የአዲስ አበባዋ፣ ሐሙስ ጠዋት 2፡45
እማማ ደውለውልኝ ነው። ሌላ ነገር አልናገርም። ካሬዬ አልቋል። ዙሪያውን ለስፌት ከግማሽ ሳንቲ ሜትር ትንሽ አለፍ አድርጌ ትቻለሁ። ሌሎቻችሁም እንደዚያ ተዉ። አለበለዚያ ሲገጣጠም ማዕዘኑ አይገናኝም።

ሒሳብ ያዥዋ፣ ሐሙስ ጠዋት 4፡20
ፕሮፎርማ የለንም። የባዘቶውንና የገበሩን እኔ ዛሬ ዞሬ አመጣለሁ። ለዳታ ግን ፕሮፎርማ ማን ይሰጠኛል? ካርድ ከኪዮስክ ነው የሚገዛው። የ12 ወር ካርድ በምን ደረሰኝ አወራርዳለሁ? ባለፈው የ600 ብር ትራንስፖርት ሳወራርድ ሁለት ወር ተመላለስኩ። በስሜ የፈረምኩት እኔ ነኝ።

የሽንብጧ፣ ሐሙስ ጠዋት 4፡35
ወንድሜ የስፌት መኪና ሻጭ ያውቃል። የእግር መኪና 26,000 ነው። ሦስቱንም ፕሮፎርማ ዛሬ ከሰዓት ያመጣል። ደረሰኝ አለው።

ጸሐፊዋ፣ ሐሙስ ጠዋት 4፡41
መኪና አልጠየቅንም። በእጅ ነው የምንሰፋው።

የወረታዋ፣ ሐሙስ ጠዋት 4፡50
ፊቱ በመኪና ቢገጣጠም ጊዜ ይቆጥባል። ሦስቱን ንጣፍ አንድ ላይ መውጋቱ በእጅ ይሁን። ጥምቀት ላይ ባዛር ይኖራል። አሥር ብርድ ልብስ ብናደርስ እንግዳው ብዙ ነው።

የሽንብጧ፣ ሐሙስ ጠዋት 4፡58
ለባዛሩ ቦታና ለባነር 9,100 ይያዝ። ጠይቄያለሁ። ርዕሱም አብሮ ይቃናል፦ «የእጅ ሥራ ባለሙያ ሴቶች የምርት ማሳደጊያና የባዛር ተሳትፎ»። መኪናው እኔ ቤት ይቀመጣል። ሰፊ ሳሎን አለኝ።

የጎንደሯ፣ ሐሙስ ቀን 6፡15
መኪናው ሽንብጥ ከተቀመጠ እኔ ምን እጠቀማለሁ?

ሒሳብ ያዥዋ፣ ሐሙስ ቀን 9፡40
ደምሬዋለሁ። መኪና 26,000። ባዛር 9,100። ባዘቶና ገበር 12,200። ጠቅላላ 47,300። እስከ ጣሪያው 2,700 ይተርፋል። እሱ የ9 ሰው የአንድ ወር ዳታ ነው። ለዚያች ያህል በራሴ ፈርሜ ካርድ እገዛለሁ። ከዚያ በላይ አልችልም። ማቆሚያው ይውጣ።

ጸሐፊዋ፣ ሐሙስ ቀን 10፡05
የጀመርነው በ12 ወር ነበር። በዚህ ካስገባነው የሐሙስ ስብሰባ ማመልከቻ አይደለም። ሌላ ሐሳብ ያላት እስከ ማታ ትናገር። እኔ ብቻዬን ልወስን አልፈልግም።

የሽንብጧ፣ ሐሙስ ማታ 1፡40
መኪናው ይሁን።

የወረታዋ፣ ሐሙስ ማታ 1፡52
ይሁን። ባዛሩን ግን ማን ይቆማል? እኔ ከወረታ ልመላለስ አልችልም።

የአዲስ አበባዋ፣ ሐሙስ ማታ 2፡05
ባነሩ ላይ ምን ልንጽፍ ነው? «ብርድ ልብስ» ነው «የእጅ ሥራ»?

የሽንብጧ፣ ሐሙስ ማታ 2፡11
«የእጅ ሥራ» ተባለ እኮ።

ሒሳብ ያዥዋ፣ ሐሙስ ማታ 2፡20
የባነሩን ነገር ባዛሩ ሲደርስ። አሁን ፊርማ ስጡኝ። አሥራ አንድ ሰው ብቻ ነው የፈረመው።

የአባይ ማዶዋ፣ ሐሙስ ማታ 4፡10
ይቅርታ አድርጉልኝ። አማቴ ማክሰኞ ሌሊት ወድቀው ሆስፒታል ይዣቸው ነበር። ስልኬም ቻርጅ አልነበረው። ፕሮፎርማውን አላመጣሁም።

ጸሐፊዋ፣ ሐሙስ ማታ 4፡14
እግዜር ይማርልሽ። የትኛው ክፍል እንደተኙ ንገሪኝና ነገ እመጣለሁ። የፕሮፎርማውን እርሺው።

የዘጌዋ፣ ዓርብ ጠዋት 1፡30
እንደምን አደራችሁ። እኛ ሰፈር ኔትወርክ ወደ ላይ ካልወጡ አይዝም። የጻፋችሁትን ሁሉ አሁን ነው ያየሁት። ስለ ስሙ የምለው የለኝም። እዚህ ሁሉም ድሪቶ ይለዋል። እናንተ የመረጣችሁት ይሁን።
ትናንት ማታ 2 ሰዓት ላይ ሐሙስ ነው ብዬ ስልኬን ይዤ ቡናው ጫካ ጫፍ ወጥቼ ነበር። ባትሪ ይዣለሁ፣ ጨርቁንም ይዤ ነበር። እስከ 3 ሰዓት ጠበቅሁ። የደወለ የለም። ልጄ ፈርታ ልትፈልገኝ መጣች። ስብሰባው ገና አልተጀመረም ማለት ነው?
ካሬዬን በጠዋቱ ጀልባ ልኬዋለሁ። ወደቡ ላይ ተቀበሉልኝ። ሜትሬ ተለጥጦ ኖሮ 31 ሆኖብኛል። ልፍታው ወይስ ይብቃ?

ጸሐፊዋ፣ ዓርብ ጠዋት 1፡38
አትፍቺው። እዚህ እናስተካክለዋለን። ወደቡ ላይ እኔ እጠብቃለሁ።
ስብሰባው አልተጀመረም። ማመልከቻው ዛሬ የስፌት መኪናውን ጠይቆ ይገባል፤ ሒሳብ ያዥዋ ፕሮፎርማውን ይዛለች፣ እኔም ፈርሜያለሁ። የሐሙሱን ግን ማመልከቻ አልጠብቅለትም። ዛሬ ማታ 2 ሰዓት ያው ቦታ ውጪ። ከልጅሽ ጋር ሁኚ። በራሴ ካርድ እደውላለሁ።

የጎንደሯ፣ ዓርብ ጠዋት 1፡44
እኔንም አስገቢኝ።

የሽንብጧ፣ ዓርብ ጠዋት 2፡02
እኔም አለሁ። ማታ መርፌ ይዤ እገባለሁ።