ለአንድ ትእዛዝ ሁለት ዓይነት የጠብታ ቁጥር ለምን ወጣ?

ተለማማጅ ነርስ፣ ደሴ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የነርሲንግ ተማሪ ስሆን የተግባር ልምምዴን ደሴ ባለ አንድ ሆስፒታል በውስጥ ደዌ ክፍል እየሠራሁ ነው። ባለፈው ሳምንት ለአንድ አባት 1000 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን (የጨው ፈሳሽ) በደም ሥር በ8 ሰዓት ጊዜ ውስጥ እንዲሰጣቸው ታዘዘ። በክፍል እንደተማርነው 1000ን በ20 አባዝቼ ለ480 ደቂቃ ሳካፍለው 41.7 ስለሆነ፣ በደቂቃ 42 ጠብታ ነው አልኩ። በሥራው ብዙ የቆየች ሲስተር ግን ወረቀትም ስልክም ሳታወጣ 31 ላይ አስተካከለችው፤ ፈሳሹም በተባለው ጊዜ አለቀ። የተሳሳትኩት እኔ መሆኔን አምኛለሁ፤ የት ላይ እንደሆነ ግን አልገባኝም። ፈሳሹ ወደኋላ ሲቀርስ ፍጥነቱን ጨምሮ ማድረስ ይፈቀዳል?

ነርስ፣ ኮምቦልቻ

እህቴ፣ ስሌትሽ ትክክል ነው፤ የተሳሳተው 20 የሚለው ቁጥር ነው። አንድ ሚሊ ሊትር ለመሙላት ስንት ጠብታ እንደሚያስፈልግ የሚወስነው ፈሳሹ የሚወርድበት ቱቦ ሲሆን፣ ቁጥሩም በማሸጊያው ላይ ታትሞ ይገኛል። ትልልቅ ጠብታ የሚጥሉት 10፣ 15 ወይም 20 ሲሆኑ ለሕፃናት የምንጠቀምበት ማይክሮ ድሪፕ 60 ነው። ሲስተሯ በእጇ የያዘችው ባለ 15 መሆን አለበት። በቃሏ ያሰላችበት መንገድም ቀላል ነው፤ 1000 ለ8 ሲካፈል በሰዓት 125 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ ይህን ባለ 20 ቱቦ ከሆነ ለ3፣ ባለ 15 ከሆነ ለ4፣ ባለ 10 ከሆነ ለ6 ማካፈል ብቻ ነው። በማይክሮ ድሪፕ ደግሞ የሰዓቱ ሚሊ ሊትርና የደቂቃው ጠብታ አንድ ቁጥር ናቸው።

የአንቺ 42 ጠብታ በዚያ ቱቦ ቢለቀቅ ኖሮ ፈሳሹ ስድስት ሰዓት እንኳ ሳይሞላው ያልቅ ነበር፤ ልባቸው ወይም ኩላሊታቸው ለደከመ አባት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በሕፃን ላይ ደግሞ ይብሳል፦ በሰዓት 46 ሚሊ ሊትር የታዘዘለት የ12 ኪሎ ልጅ፣ ማይክሮ ድሪፕ ጠፍቶ ባለ 20 ቱቦ ተሰክቶለት ጠብታው ግን 46 ላይ ከቀረ፣ የሚገባለት በሰዓት 138 ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሪፈር ይዘን ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ጠብታው ይቀንሳል፤ አንዳንዶች ከፍታው ነው ይላሉ፣ አይደለም። አምቡላንሱ ውስጥ ከረጢቱ የሚሰቀለው ከታካሚው ክንድ ብዙም ከፍ ሳይል በመሆኑና በመንገዱ መጠማዘዝ ክንዱ እየታጠፈ ካኑላው (ደም ሥር ውስጥ የገባው ቀጭን ቱቦ) ስለሚታነቅ ነው። ዳገቱ ካለቀ በኋላ እንደገና መቁጠር ያስፈልጋል።

ነርስ፣ ቆቦ

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ሆኖም ጠብታ መቁጠር የማይጠቅምበት ጊዜም አለ። አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ይዞት ክፉኛ የተሟጠጠ 50 ኪሎ የሚመዝን ሰው፣ በመጀመሪያው 30 ደቂቃ በኪሎ 30 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 1500 ሚሊ ሊትር ሪንገር ላክቴት ያስፈልገዋል። በባለ 20 ቱቦ ሲሰላ በደቂቃ 1000 ጠብታ ነው፤ ይህን የሚቆጥር ዓይን የለም። በሁለቱም ክንድ ሰፊ ካኑላ ሰክቶ መቆጣጠሪያውን ሙሉ በሙሉ ከፍቶ የከረጢቱን መስመርና የታካሚውን የደም ሥር ምት መከታተል ነው። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ቆጠራው ግዴታ ነው፦ 8 ኪሎ ከሆነ በመጀመሪያው አንድ ሰዓት 240 ሚሊ ሊትር፣ ቀጥሎ ባሉት አምስት ሰዓታት 560 ሚሊ ሊትር ይሰጠዋል፤ በዚያው ቱቦ በመጀመሪያ 80፣ ከዚያ 37 ጠብታ ማለት ነው። ከፍተኛ የምግብ እጥረት ያለበት ሕፃን የራሱ መመሪያ ስላለው ይህ ስሌት ለእሱ አይሠራም።

ነርስ፣ ወልዲያ

ስለ ሰዓቱ አንድ ነገር ላንሳ፤ ቋንቋችን እዚህ ላይ ያሳስታል። «በ8 ሰዓት ይለቅ» የሚል ትእዛዝ ለስምንት ሰዓት ያህል ማለትም፣ ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ላይ ማለትም ሊሆን ይችላል። ቀድሞ በሠራሁበት ቦታ ከጧቱ 2 ሰዓት ላይ የተጀመረን ፈሳሽ እኔ በሁለተኛው ትርጉም ተረድቼው፣ 42 መሆን የነበረበትን ጠብታ 56 አድርጌ ለቅቄዋለሁ። ታካሚዋ ወጣት ስለነበረች ጉዳት አልደረሰባትም፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ የተጀመረበትንና የሚያልቅበትን ሰዓት፣ ጧት ወይም ማታ ብዬ፣ በፕላስተር ላይ ጽፌ ከረጢቱ ላይ ሳልለጥፍ ዞር አልልም።

ወደኋላ የቀረውን በተመለከተ፣ ከጎደለው ሳይሆን ከቀረው ተነሥተሽ አስይ። ከአራት ሰዓት በኋላ 500 መግባት ሲገባው 350 ብቻ ከገባ፣ የቀረው 650 በ240 ደቂቃ በባለ 15 ቱቦ 41 ጠብታ ይሆናል። ይህ ከ31 ጋር ሲነጻጸር 30 በመቶ ያህል ጭማሪ ነው። ብዙ የነርሲንግ ማስተማሪያዎች ለውጡ ከ25 በመቶ በላይ ሲሆን ሐኪሙን ሳታሳውቂ እንዳትነኪው ይመክራሉ፤ ፖታሲየም የተጨመረበት ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አታፍጥኚው። ከዚያ በፊት ግን ለምን ወደኋላ እንደቀረ ተመልከቺ። አስታማሚ «ጉልኮሱ ፈጠነባቸው» ብሎ መቆጣጠሪያውን ጠበቅ አድርጎት ይሆናል።

ተለማማጅ ነርስ፣ ደሴ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ጧት መደርደሪያውን ስመለከት ባለ 15ና ባለ 20 ቱቦዎች በአንድ ካርቶን ውስጥ ተቀላቅለው አገኘኋቸው። ለሲስተር ነግሬያት ለየናቸው።