አራት ቀን በሮም ከአዛውንት አባት ጋር፦ የትኛው ይታይ፣ የትኛውስ ይቅር?

ጥያቄ (ወንጂ ማዞሪያ)

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዳማ ነው። በመጪው ጥቅምት ወር ጡረታ ከወጡት የታሪክ መምህር አባቴ ጋር ወደ ሮም ለመጓዝ አስበናል። ሐሙስ ማለዳ ደርሰን እሑድ ማታ ስለምንመለስ ያለን ጊዜ አራት ቀን ብቻ ነው። አባቴ ለዓመታት ለተማሪዎቻቸው የተረኩትን ከተማ በዓይናቸው ማየት ይመኛሉ፤ ነገር ግን ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ደረጃና ዳገት ይከብዳቸዋል። የጽጌንም ጾም ስለሚጾሙ የምግቡ ነገር አሳስቦኛል። ያወጣሁት ዕቅድ ሐሙስ ኮሎሲየምን፣ ዓርብ በባቡር ፍሎረንስን ደርሶ መልስ፣ ቅዳሜ አደባባዮቹንና ትሬቪ ፏፏቴን፣ እሑድ ደግሞ ቫቲካንን ለማየት ነው። ይህ ያስኬዳል? የቪዛውን ጉዳይስ መቼ መጀመር ይኖርብናል? ከአገራችን ታሪክ ጋር የተያያዙ ቦታዎችን የሚጠቁመኝ ካለም አመሰግናለሁ።

መልስ (ሶደሬ መንገድ)

ከሁሉ በፊት እሑድን ያስተካክሉ። የሲስቲን ጸሎት ቤት የሚገኝባቸው የቫቲካን ሙዚየሞች እሑድ ዝግ ናቸው። የሚከፈቱት በፈረንጆቹ ወር የመጨረሻ እሑድ ለግማሽ ቀን ሲሆን፣ በዚያ ቀን መግቢያው ነጻ በመሆኑ ሰልፉ ጉልበት ለሚያመው ሰው አይሆንም። ስለዚህ ቫቲካንን ወደ ዓርብ ጠዋት አምጥተው ትኬቱን አስቀድመው በኢንተርኔት ይግዙ። የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ግን ለመግባት ክፍያ የለውም፤ የሚጠበቀው የፍተሻ ሰልፉ ነው፤ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ መልበስም ግዴታ ነው። ጉልላቱን ይተዉት፤ በአሳንሰር ቢጀምሩ እንኳ ቀሪው ደረጃ ከ300 ይበልጣል።

ፍሎረንስን በተመለከተ ምክሬ አንድ ነው፤ ይቅር። ፈጣኑ ባቡር በአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ያደርሳል፤ ሆኖም ደርሶ መልሱ፣ ጣቢያ ላይ የሚጠፋው ጊዜና አባትዎ ለማረፍ የሚያስፈልጋቸው ሰዓት ሲደመር፣ ከአራቱ ቀን አንዱን ሰጥተው የሚያገኙት የችኮላ ጉብኝት ብቻ ይሆናል።

ሌሊቱን በአውሮፕላን ተቀምጠው ስለሚያድሩ ለሐሙስ ሰዓት የተቆረጠለት ትኬት አይግዙ። ኮሎሲየምን ቅዳሜ ጠዋት ያድርጉት። መደበኛው ትኬት 18 ዩሮ ሲሆን ፎረሙንና (የጥንቷ ሮም አደባባይ ፍርስራሽ ነው) የፓላቲን ኮረብታንም ያጠቃልላል። ሽያጩ የሚከፈተው ከጉብኝቱ 30 ቀን አስቀድሞ ነው፤ ትኬቱ በስም ስለሚቆረጥ ፓስፖርታችሁን ይዛችሁ መገኘት አለባችሁ። ትኬቱ ላይ 9:00 ተብሎ የሚጻፈው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት መሆኑን ለአባትዎ አስቀድመው ይንገሯቸው። የኮሎሲየሙ ላይኛው ፎቅ አሳንሰር አለው፤ ፓላቲን ግን ዳገት ስለሆነ ይለፉት። እሑድን ለፓንቴዎን፣ ለናቮና አደባባይና ለትሬቪ ይተዉት። ፓንቴዎን 1,900 ዓመት ገደማ የሆነው ሕንፃ ሲሆን፣ የመግቢያው ዋጋ 5 ዩሮ ነው፤ ወለሉም ደልዳላ ነው። የመሐል ከተማው መንገድ በአብዛኛው ኮብልስቶን በመሆኑ ሶላቸው ወፍራምና ለስላሳ የሆኑ ጫማዎች ይያዙ።

መልስ (የፍራንኮ ሰፈር)

ቪዛውን ብቻ ልመልስ። ማመልከቻ የሚቀርበው ከጉዞው ስድስት ወር በፊት ጀምሮ ሲሆን፣ ቢዘገይ ደግሞ 15 ቀን ሲቀረው ነው። ይህ የመጨረሻ ቀነ ገደብ ነው እንጂ የሚታመኑበት ጊዜ አይደለም፤ ውሳኔው እስከ 45 ቀን ሊወስድ ይችላልና። የቀጠሮ ወረፋውም ራሱን የቻለ ጣጣ ስለሆነ ሦስት ወር ሲቀረው መጀመር ይሻላል። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ቪዛው ቢከለከልም አይመለስም። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ የ30,000 ዩሮ ሽፋን እንዲኖረው ያስፈልጋል፤ ፓስፖርቱም ከሸንገን አገሮች (በዚሁ አንድ ቪዛ ከሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) ከምትወጡበት ቀን በኋላ ሦስት ወር የሚያገለግል መሆን አለበት። አሻራ ለመስጠት አባትዎም በአካል አዲስ አበባ መቅረብ ስላለባቸው የሁለታችሁን ቀጠሮ በአንድ ቀን ያድርጉት። ለእርሳቸው የጡረታ ማስረጃቸውን፣ የባንክ ስቴትመንት፣ የቤት ካርታ ካላቸው እርሱን፣ ወጪያቸውን የሚሸፍኑት እርስዎ ከሆኑም ዝምድናችሁን የሚያሳይ ሰነድ ከነትርጉሙ ያዘጋጁ። ቪዛው ሳይወጣ የአውሮፕላን ትኬት ሙሉ ዋጋ ባይከፍሉ እመክራለሁ፤ ለማመልከቻው የቦታ ማስያዣ ማስረጃ ያገለግላል።

መልስ (ቦኩ)

አባትዎ የታሪክ መምህር ከሆኑ ሶደሬ መንገድ ካቀረቡት ዕቅድ አንድ ነገር እለውጣለሁ። አደባባዮቹን ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቀስ እያላችሁ እዩአቸውና እሑድን ለእኛው ታሪክ ተዉት። ከቬኔዚያ አደባባይ እስከ ኮሎሲየም የሚዘልቀው፣ ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በ1932 ያስከፈተው ቪያ ዴይ ፎሪ ኢምፔሪያሊ የተባለው ሰፊ ጎዳና እሑድ ለመኪና ዝግ ስለሚሆን፣ ፎረሙን ከላይ እያዩ ያለ ደረጃ ይሄዱበታል። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ የኦሊምፒክ ማራቶኑን በባዶ እግሩ የጀመረው በጎዳናው ራስ ካለው ካምፒዶሊዮ ከተባለው ኮረብታ ነው። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ የገባው ደግሞ ኮሎሲየም አጠገብ ባለው የቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር፣ በችቦ ብርሃን ነበር።

ከቅስቱ በቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮ ቀጥ ብለው ቢወርዱ ፖርታ ካፔና አደባባይ ይደርሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1937 ከአገር የተወሰደው የአክሱም ሐውልት ለመመለስ እስኪነቀል ድረስ በዚያ ነበር፤ ወደ አገሩ የገባው በ1997 ዓ.ም ነው። አበበ ከሞሮኮው ተፎካካሪው ተነጥሎ የወጣው በዚሁ ሐውልት አካባቢ መሆኑን አባትዎ ሳይነግሩዎት አይቀሩም። ፊት ለፊቱ የሚታየው የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ሕንፃ በመጀመሪያ የታቀደው ለጣሊያን የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ነበር። ዛሬ ሐውልቱ በቦታው የለም፤ እኔ ግን አባትዎን ከትሬቪ ይልቅ እዚያ ባቆማቸው እመርጣለሁ። የሜትሮው ቢ መስመር ቺርኮ ማሲሞ ጣቢያ አጠገቡ ስለሆነ መመለሻው አያስቸግርም።

ማረፊያችሁ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ከሆነ፣ ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው አደባባይ የተሰየመው በ1879 ዓ.ም ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ለተደመሰሱት የጣሊያን ወታደሮች ነው። መታሰቢያቸው የሆነው የግብፅ ሐውልትም ከዚያ ብዙ አይርቅም፤ ዘርዓይ ደረስ በሰኔ 1930 ዓ.ም ሰይፉን የመዘዘው፣ ከአዲስ አበባ የተዘረፈው የይሁዳ አንበሳ በቆመበት በዚሁ መታሰቢያ ዘንድ ነው። አባ ተስፋ ጽዮን የግእዙን ሐዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1548 እና 1549 ሲያሳትሙ የኖሩባት የቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ ቤተ ክርስቲያን ግን በቫቲካን ቅጥር ውስጥ፣ ከባዚሊካው ጀርባ ስለሆነች ለማንኛውም ጎብኚ ክፍት አይደለችም።

ጠያቂ (ወንጂ ማዞሪያ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፍሎረንስን ሰርዣለሁ፤ አባቴም የእሑዱን መንገድ ሲሰሙ ካርታ አምጪ ብለውኛል። የቀረኝ የጾሙ ምግብ ነው።

መልስ (ሶደሬ መንገድ)

በዚያ አገር የጾም ምግብ አያጡም፤ ችግሩ አይብ ሳይጠየቅ መጨመሩ ነው። ማሪናራ የሚባለው ፒዛ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት ብቻ ነው። ፓስታ በቲማቲም ወይም በነጭ ሽንኩርትና በዘይት ሲያዙ «ሴንሳ ፎርማጆ» ይበሉ፤ ያለ አይብ ማለት ነው። ትኩስ ፓስታ አንዳንዴ በእንቁላል ስለሚሠራ ደረቁን ይምረጡ። የሚጠጣ ውሃ በየመንገዱ ካሉት የብረት ቧንቧዎች በነጻ ይቀዳል፤ ባዶ ጠርሙስ መያዝ ይበቃል።