አስቸኳይ፦ ኦቨኔ ከ110 ዲግሪ አያልፍም፣ ቫርኒሹ ግን 150 ይላል

ጠምጣሚው፦ ወገኖች፣ ድረሱልኝ። የወፍጮ ቤት ሞተር ሽቦ ጠምጥሜ፣ ሽቦውን የሚያጣብቀው ቫርኒሽ ውስጥ ነክሬ አውጥቻለሁ። ዛሬ ጠዋት የኦቨኔ አንዱ ሬዚስታንስ (ማሞቂያ ሽቦ) ተቃጠለ። አሁን ከ110 ዲግሪ አያልፍም። የቫርኒሹ ቆርቆሮ ላይ 150 ዲግሪ ለ4 ሰዓት ይላል፣ የሙቀት ደረጃው ክላስ ኤች ነው። ባለወፍጮው እህል ተከምሮበት ነገ ሊወስድ ይመጣል። በ110 ባቆየውስ?

የአዳማ ልጅ፦ ይሆናል፣ ጊዜ ጨምርለት።

ጋሽ ቮልት፦ ልጄ፣ መድረቅና መብሰል አንድ አይደለም። የሚደርቀው ቲነሩ ሲተን ነው። የሚበስለው ግን ሬዚኑ፣ ማለትም የቫርኒሹ ሙጫ፣ እርስ በርሱ ተያይዞ መረብ ሲሰራ ነው። ያልበሰለ ቫርኒሽ በጣት ሲነካ ደረቅ ይመስላል። ሞተሩ ሲግል ይለሰልሳል፣ ሽቦው ይንቀጠቀጣል፣ የሽቦው ሽፋን፣ ኢናሜሉ፣ ይፋቅና ሾርት ያደርጋል። በግምት 10 ዲግሪ በቀነስክ ቁጥር ጊዜው እጥፍ ይሆናል። ከ150 ወደ 110 ስትወርድ 4 ሰዓቱ 64 ሰዓት ሆነ ማለት ነው።

የአዳማ ልጅ፦ እኔም ጊዜ ጨምር ነው ያልኩት እኮ።

ኬሚስቷ፦ ጊዜም ብቻውን አይበቃም። መረቡ እየጠበቀ ሲሄድ ሬዚኑ እንደ መስታወት ይጠጥራል። ከዚያ መንቀሳቀስ ስለማይችል መብሰሉ ሊቆም ምንም አይቀረው። በትንሽ ሙቀት የሚበስሉት በካታሊስት (መብሰሉን በሚያፋጥን ነገር) ነው፤ ለምሳሌ ኢፖክሲ ሬዚን አንሃይድራይድ ከሚባል ማጠንከሪያ ጋር ሲሆን ኢሚዳዞል የሚባል ካታሊስት ጥቂት ይገባበታል። ያ ግን ሲቀመም የሚታሰብ ነው። አደራ፣ የሌላ ሬዚን ማጠንከሪያ እንዳትጨምርበት።

ሰሌዳ አንባቢ፦ ለመሆኑ ክላስ ኤች ምን አደረገልህ? ሞተሩ ላይ የተጻፈው ምንድን ነው? ኤፍ ከሆነ 155 ዲግሪ ነው የሚችለው። ሽቦውና ወረቀቱ ኤፍ ሆነው ቫርኒሹ ብቻ 180 ቢችል ምንም አይጨምርም።

ጠምጣሚው፦ ኤፍ ነው። ግን ነክሬዋለሁ፣ አሁን ምን ላድርግ?

ቀበሌ 07፦ እንጀራ የሚያበስል ምጣድ ሞተር አያበስልም?

ጋሽ ቮልት፦ በፍጹም! የቲነሩ ትነት በእሳት ይያያዛል። ደግሞ የምግብ ዕቃ ነው።

የድሬ ባለሙያ፦ በራሱ ሽቦ አብስለው። መጀመሪያ አንጠልጥለህ አንጠባጥበው። ከዚያ ቲነሩ እስኪወጣ 80፣ 90 ዲግሪ ላይ በኦቨንህ አቆየው፣ በሩ ገርበብ ይበል። ቀጥሎ ሦስቱን ፌዝ በተከታታይ አያይዘህ ከብየዳ ማሽን ዲሲ (አቅጣጫው የማይቀያየር ኤሌክትሪክ) ስጠው። ሞተሩ ሰሌዳ ላይ ከተጻፈው አምፔር በሲሶው ጀምር፣ ቀስ እያልክ ጨምር። ቮልቱን ለአምፔሩ ስታካፍል ኦሙ ይወጣል። መዳብ ሲሞቅ ኦሙ ይጨምራል፤ በ20 ዲግሪ ከነበረው አንድ ተኩል እጥፍ ሲሆን ሽቦው 150 አካባቢ ነው። እዚያ ላይ ያዘው። ጥለኸው እንዳትሄድ።

የአዳማ ልጅ፦ ወይም ኦቨን ያለው ጎረቤት ፈልግ።

ጠምጣሚው፦ ጎረቤቴ ብየዳ አለው፣ ላመጣ ነው። አሁን ሦስቱ ተያይዘው 1.2 ኦም ነው የሚሉት።

የድሬ ባለሙያ፦ ስለዚህ ወደ 1.8 ሲጠጋ አምፔር መጨመሩን አቁምና እዚያ ላይ ያዘው። ግን ቆይ፣ 1.2 የለካኸው ሽቦው ቀዝቅዞ ነው ወይስ ከኦቨን እንደወጣ? እሱን ሳትነግረኝ እንዳትጀምር።

ኬሚስቷ፦ ጠምጣሚው፣ አለህ?