ከኮምቦልቻ በባቲ ወደ አፋር፦ በሦስት ቀን ሐዳርን፣ ፍል ውሃውንና የአሳይታን ሐይቆች ማየት ይቻላል?

ቦርከና፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ከኮምቦልቻ ተነስተን በባቲ በኩል ወደ ሚሌ ልንወርድ ነው። ስድስት ነን፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናታችንና የአሥር ዓመት ልጅ አብረውን አሉ። መኪናው ናፍጣ ላንድክሩዘር ነው። ሁለቱንም ሌሊት ሎግያ አድረን በሦስተኛው ቀን ለመመለስ አስበናል። ሐዳርን፣ የአላሎባድን ፍል ውሃ፣ የአሳይታን ሐይቆችና ከተቻለ ኤርታሌን ማየት እንፈልጋለን። የትኛው ይቅር? መኪናውስ ምን ይደረግለት? ከሁሉም በላይ ሙቀቱ እናታችንን እንዳይጎዳቸው ነው የምፈራው።

ቆላ ወራጅ፦
እህቴ፣ ኤርታሌን ዛሬውኑ ሰርዙት። እሱ ከሰመራ ወደ አፍዴራ ወርዶ፣ ከዚያ አልፎ የሚሄዱበት ራሱን የቻለ ጉዞ ነው። አፍዴራ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ቦታ ስለሆነ ለእናታችሁ አይሆንም።

የቀረው ይሆናል፣ አዳሩን ከቀየራችሁት። ሁለቱንም ሌሊት ሎግያ ካደራችሁ ሐዳር የምትደርሱት ፀሐይ ከከረረች በኋላ ነው። የመጀመሪያውን ሌሊት ሚሌ እደሩ። ከኮምቦልቻ ሚሌ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱ ተሳቢዎች የሚበዙበት ስለሆነ በጨለማ አትውረዱት። ጧት 1 ሰዓት ተነሱ። ቀኑን መምረጥ ከቻላችሁ ሰኞ ይሁን፤ የባቲ ገበያ ሰኞ ነው፣ ደገኛውና ቆለኛው የሚገናኙበትን የግመል ተራ ሳያዩ ማለፍ ያስቆጫል። ሚሌ ከመድረሳችሁ በፊት ኤሊ ውሃ ላይ ቆማችሁ ለነገው ጧት አፋርኛ የሚናገር የአካባቢውን መሪ ተነጋግራችሁ እለፉ። የክልሉን የቱሪዝም ቢሮ ፈቃድ ግን ከቤት ሳትወጡ ጨርሱ።

ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ ወደ ኤሊ ውሃ ተመልሳችሁ ወደ ሐዳር ግቡ። ጥላ የሚባል ነገር ስለሌለ የእግር ጉዞው እስከ 3 ሰዓት ማለቅ አለበት። እዚያ የሚታየው አጥንት አይደለም፤ ኅዳር 1967 ዓ.ም. የተገኘችው ድንቅነሽ ያለችው አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ነው። የሚታየው ሸለቆው ራሱ ነው። ጎርፍ የሰነጠቀው ደለል በደረጃ በደረጃ ተደርድሮ፣ በመካከሉ ግራጫ የእሳተ ገሞራ አመድ መስመር ይታያል። ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደሆናት የታወቀው ከእንዲህ ያለው አመድ ነው። መሪያችሁ የአመዱን መስመር በጣቱ ያሳያችሁ፤ እሱን ሳያዩ የሄዱ ሰዎች «ደረቅ ገደል ነው» ብለው ይመለሳሉ።

ሁለት ነገር ጠብቁ። የገደሉ ከንፈር ልል አፈር ስለሆነ ይናዳል፤ ለፎቶ ብላችሁ ጫፉ ላይ አትቁሙ። መሬት ላይ ያለ ድንጋይ የሚመስል ነገርም አታንሱ። ቅሪተ አካል ከቦታው ከተነሳ ከየትኛው ንብርብር እንደወጣ አይታወቅም፣ ሕጉም ይከለክላል። ልጁን ይህንን ከመኪናው ሳይወርድ ንገሩት።

ሸዋበር፦
የመኪናውን ነገር እኔ ልመልስ። መውረዱ የፍሬን፣ መመለሱ የራዲያተር ፈተና ነው፤ ሰው ግን ስለ መውረዱ ብቻ ይጨነቃል።

ቁልቁለቱን በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ሞተሩ ይያዘው። ፍሬን ላይ እግር አስቀምጦ መውረድ ሸራውን ያቃጥላል፤ ሽታው ከመጣ ቁሙና ይብረድ፣ ውሃ ግን አትድፉበት፣ ብረቱ ይሰነጠቃል ወይም ይጣመማል።

ጎማን በተመለከተ፣ ጧት ቀዝቃዛ እያለ በሾፌሩ በር ላይ በተጻፈው ልክ ሙሉት። ቆላ ላይ ሲግል ከ4 እስከ 6 ፒኤስአይ ሊጨምር ይችላል፤ «በዛ» ብሎ ማስተንፈስ ነው ትልቁ ስህተት። በማግስቱ ሲቀዘቅዝ አየሩ ያንሳል፣ ጎኑ እየተጣጠፈ ይግላል፣ ከዚያ ይፈነዳል። ከአስፋልት ስትወጡ ደግሞ የፕሮሶፒስ (አፋርን የወረረው ዛፍ) እሾህ አለ፤ ረጅምና ጠንካራ ስለሆነ ጎማ ይበሳል። ሁለት ስኮርታ ካልተገኘ አንድ ስኮርታና አንድ ካላማዳሪያ፣ ክሪክና ክሪኩ አሸዋ ውስጥ እንዳይሰምጥ ሥሩ የሚነጠፍ ጣውላ ያዙ።

ራዲያተሩ ውስጥ ባዶ ውሃ ካለ አስወጥታችሁ ኩላንት በእኩል መጠን የተቀላቀለበት ውሃ ይግባ። ቱቦዎቹን፣ ክዳኑንና ቺንጊያውን አሳዩ። አንዳንድ መካኒክ «ቆላ ልትወርድ ነው» ብሎ ቴርሞስታቱን (ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን ውሃ የሚቆጣጠረውን ክፍል) ያወጣዋል፤ እንቢ በሉ። ብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሲወጣ የማለፊያው መንገድ ክፍት ስለሚቀር ከፊሉ ውሃ ራዲያተሩን ሳይነካ ይመለሳል፣ ሞተሩም ይብስ ይግላል።

ስትመለሱ ከሚሌ ሜዳ እስከ ኮምቦልቻ ከ1,300 ሜትር በላይ ትወጣላችሁ። ጧት በማለዳ ጀምሩት። የሙቀቱ ቀስት ከፍ ካለ ኤሲውን አጥፉ፣ ማርሽ ቀንሱ። ካልወረደ ቁሙና ሞተሩን ሳታጠፉ በቀስታ እየዞረ ይቀዝቅዝ። የጋለ ክዳን በጭራሽ አይከፈት።

ቦርከና፦
ሁለታችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ሚሌ እናድራለን። አንድ ነገር ልጨምር፤ ወደ ሐዳር ስንገባ ደረቅ ወንዝ እንሻገራለን አሉኝ። በኅዳር ያሰጋል?

ቆላ ወራጅ፦
በኅዳር ብዙም አይዘንብም፤ ግን መታየት ያለበት ከራስ በላይ ያለው ሰማይ ሳይሆን የደጋው ሰማይ ነው። የሚሌ ወንዝ የሚነሳው እዚሁ እኛ ዘንድ፣ ተሁለደሬ ውስጥ ከሱሉላ በስተምዕራብ ነው። ደጋው ላይ ዶፍ ሲወርድ ቆላው ላይ ፀሐይ እንደወጣች ጎርፍ ይደርሳል። ወደ ምዕራብ ስታዩ ተራራው ከጠቆረ አትግቡ። ከገባችሁ በኋላ ከሆነ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆዩ፤ የእነዚህ ወንዞች ሙላት በአብዛኛው በሰዓታት ውስጥ ይጎድላል። ለጥላ ብላችሁም መኪናውን አሸዋው ላይ አታቁሙ። መንገድ ላይ አፋር ካገኛችሁ መሪያችሁ ወርዶ ዳጉ (አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ የሚለዋወጡት ወሬ) ይቀያየር፤ ወንዙ መሙላቱን፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን ከስልክ ይልቅ በዳጉ ቀድማችሁ ትሰማላችሁ።

ፒያሳ ደሴ፦
እናታችሁን በሚመለከት አብሽሪ፣ ኅዳር ጥሩ ወር ነው፤ በሰኔ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ያኔ ቢሆን አይሂዱ እል ነበር። ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር ውሃ ቁጠሩ፣ ለስድስት ሰው ለሦስት ቀን 90 ሊትር ማለት ነው። ሳይጠማቸው በየግማሽ ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ ይጠጡ። ላብ ጨውም ይወስዳል፤ ኦአርኤስ ከሌለ ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ልሙጥ ይሁን። የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ግን ስለ ውሃውም ስለ ጨውም ሐኪማቸውን ቀድማችሁ ጠይቁ። ንግግራቸው ከተምታታ ወይም ሰውነታቸው ግሎ ከተዝለፈለፉ ድካም ነው ብላችሁ አትጠብቁ፤ ጥላ ውስጥ አስተኝታችሁ ልብሳቸውን በውሃ እያራሳችሁ አራግቡ፣ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም።

ሐዳርን በእግር ባይዞሩ ይሻላል፤ ከመኪናው አጠገብ ከፍታው ላይ ሆነው ያዩታል። አላሎባድን ግን እሳቸውም ይወዱታል። ማክሰኞ ከ10 ሰዓት በኋላ ሂዱ፣ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል እንፋሎቱ ጎልቶ ይታያል። ውሃው የሚፈላ ነው፤ ዳር ዳሩ ላይ ያለው ነጭ ቅርፊት ጠንካራ ቢመስልም ሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል። መሪው የረገጠበትን ብቻ ርገጡ፣ ነጠላ ጫማ አይሁን፣ ልጁ ከእጃችሁ አይውጣ።

ቆላ ወራጅ «የቀረው ይሆናል» ቢልም፣ ረቡዕን በተመለከተ ትንሽ እለያለሁ። አሳይታን አይታችሁ በዚያው ቀን ኮምቦልቻ መግባት ዳገቱን በእኩለ ቀን ሙቀት ያስወጣችኋል፣ ሸዋበር ያለውን አስታውሱ። አዋሽ ባሕር ሳይደርስ በጋማሪና በአፋምቦ አልፎ አቤ ሐይቅ ላይ ሲያልቅ ማየት ትልቅ ነገር ነው፤ ግን አራተኛ ቀን ካገኛችሁ ብቻ። ከሄዳችሁ አዞ ስላለ ውሃው ውስጥ እግር አይገባም፣ ለማታ አጎበር ያዙ። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ማንም ትኩሳት ከያዘው በዚያው ቀን የወባ ምርመራ ያድርግ።

ቦርከና፦
አራተኛ ቀን ፈቃድ ጠይቄ አገኘሁ። ሰኞ ሚሌ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ሎግያ፣ ሐሙስ በማለዳ መመለስ። ቴርሞስታቱ ለካ ቀድሞ ወጥቶ ነበር፤ ነገ ይገባለታል።