ጥቆማ፦ ከዲሲ አካባቢ በነፃ ድንኳን የሚተከልበት የጫካ መንገድ የቱ ይሻላል?

ጠያቂ (አሌክሳንድሪያ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከመስቀል በኋላ ባለው ቅዳሜና እሁድ፣ ዓርብ ገብተን እሁድ የምንወጣበት ተራራማ ቦታ ጠቁሙን። ገንዘብ የማይከፈልበት፣ ከግርግር ራቅ ያለ ይሁን። ሁለት አዋቂና ሁለት ልጆች ነን (7 እና 10 ዓመት)፣ መኪናችን ሲየና (የቶዮታ ሚኒቫን) ናት። ሽንት ቤትም ቧንቧም እንደማይኖር እናውቃለን። የቱ መንገድ ይሻላል? ምን እንግዛ?

መልስ (ማናሳስ)

መጀመሪያ ሼናንዶዋ ናሽናል ፓርክንና ጆርጅ ዋሽንግተን ናሽናል ፎረስትን ለዩ። ካርታ ላይ ጎን ለጎን ስለሚታዩ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። ፓርኩ ውስጥ ስካይላይን ድራይቭ ዳር መኪና አቁሞ ማደር ክልክል ነው፤ መግቢያው በመኪና 30 ዶላር ነው፣ የካምፕ ቦታው ደግሞ ለብቻው ይከፈልበታል። ፎረስቱ ውስጥ ግን ክልክል ነው የሚል ምልክት እስካልተተከለ ድረስ ከጫካው መንገድ ዳር ያለ ክፍያ ድንኳን መትከል ይቻላል። አንድ ቦታ ላይ ከ14 ቀን በላይ አይቆዩም።

ለእናንተ የምመርጠው ማሳነተን ተራራ ላይ ያለውን ክሪስማን ሆሎው ሮድን ነው (የፎረስት መንገድ ቁጥር 274)። በሀይዌይ 66 ወጥታችሁ በሀይዌይ 81 ወደ ደቡብ እስከ ኒው ማርኬት ትሄዳላችሁ። ከዚያ በ211 ወደ ምሥራቅ ተራራውን ስትወጡ አናቱ ላይ በግራ በኩል ይታጠፋል። መንገዱ ወደ ሰሜን እየሄደ ካምፕ ሩዝቬልት ይደርሳል፤ በ1933 የመጀመሪያው የሲሲሲ (ሥራ አጥ ወጣቶችን በደን ሥራ ያሰማራ የነበረው የመንግሥት ፕሮግራም) ሠራተኞች ካምፕ የተከፈተው እዚያ ነው። ሲየና በዝግታ ከተነዳች የምትችለው መንገድ ነው። በአሜሪካ ክረምት (ዊንተር) ላይ በር ይዘጋበታል፤ የመስከረም ጉዞ ግን ከዚያ በፊት ነው።

ቦታ ስትመርጡ ሰው ያደረበትን ምረጡ፦ መሬቱ የተረገጠ፣ ድንጋይ በክብ የተደረደረ የእሳት ቦታ ያለው። አዲስ ሣር አትርገጡ፣ መኪናዋንም ከጠንካራው መሬት አታውጧት። ለስላሳው ዳር ደረቅ መስሎ ሌሊት ዝናብ ካገኘው ሲየና በራሷ አትወጣም። ዓርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በፊት ድረሱ። ቅጠል በሚቀላበት ሰሞን ጥሩዎቹ ቦታዎች ቶሎ ይያዛሉ፤ በጨለማ ደግሞ ረጅም መኪና በጠባብ መንገድ ማዞር ጣጣ ነው። ወደ አንድ ቦታ ከመግባታችሁ በፊት አንዳችሁ ወርዳችሁ በእግር እዩት።

ድንኳን ከመትከላችሁ በፊት ቀና ብላችሁ ዛፎቹን ተመልከቱ። በዚህ አካባቢ አመድማ ቅርፊት ያለውን ‘አሽ’ የሚባለውን ዛፍ ‘ኤመራልድ አሽ ቦረር’ የሚባል ጥንዚዛ ጨርሶታል፤ ሞቶ የቆመው ብዙ ነው። ቅርፊቱ እየተላጠ ነጣ ያለ ቢጫ ሆኖ ይታያል። ቀረብ ብላችሁ ስታዩ የእንግሊዝኛውን ‘ዲ’ ፊደል የሚመስሉ፣ ሦስት ሚሊ ሜትር የሚሆኑ ቀዳዳዎች ታገኛላችሁ። እንዲህ ያለ ዛፍ ነፋስ ሳይነካውም ይወድቃል። የዛፉን ቁመት አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ርቃችሁ ካልሆነ አትተኙ። ቦታው የቱንም ያህል ቢያምር ይለፋችሁ።

መልስ (ሃሪሰንበርግ)

በክሪስማን ሆሎው እስማማለሁ። አንድ ሰዓት ገደማ ጨምራችሁ ለመንዳት ፈቃደኛ ከሆናችሁ ግን ብራይሪ ብራንች ጋፕ የበለጠ ጸጥታና ሰፊ እይታ አለው። ከሃሪሰንበርግ በ42 ወደ ዴይተን፣ ከዚያ በ257 ወደ ምዕራብ፣ ቀጥሎ በ924 ተራራው አናት ላይ ትወጣላችሁ። አናቱ ላይ የፎረስት መንገድ 85 በግራና በቀኝ ይከፈላል። በግራ ወደ ሬዲሽ ኖብ የሚወስደው አስፋልት ነው፤ ጫፉ 4,397 ጫማ (1,340 ሜትር ያህል) ነው። በቀኝ ወደ ፍላግፖል ኖብ የሚሄደው ኮረኮንች ነው፤ ሲየና ኮፓዋን ታስመታበታለች፣ አትሞክሩት።

ከፍታው ስለሚቀዘቅዝ አስቡበት። ሬዲሽ ኖብ ከሃሪሰንበርግ ከተማ 900 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ለከተማው ከተተነበየው ሙቀት 6 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ቀንሱ። ጫፉ ላይ ነፋስ ስለሚበረታ ልጆች ይዛችሁ እዚያው አትደሩ። ወደ ታች ወርዳችሁ በዛፍ የተከለለ ቦታ ፈልጉ።

ስልክ ላይ አትተማመኑ። ይህ አካባቢ በ1958 ለግሪን ባንክ የሬዲዮ ቴሌስኮፕና በአቅራቢያው ላለው የመገናኛ ጣቢያ ሲባል የተከለለው ብሔራዊ የሬዲዮ ጸጥታ ቀጠና ውስጥ ነው። ስፋቱ 13,000 ስኩዌር ማይል ነው፣ የስልክ ማማም እንደ ሌላው ቦታ እንደልብ አይተከልም። ቤት ሳላችሁ ‘አቬንዛ’ የሚባለውን መተግበሪያ ጫኑና የፎረስት ሰርቪስን ‘ሞተር ቬሂክል ዩዝ ማፕ’ አውርዱ፤ በነፃ ነው። መኪና የሚፈቀድበትን መንገድና በየትኛው ወቅት ክፍት እንደሆነ ያሳያል፣ ያለ ኔትወርክም ያላችሁበትን ቦታ በነጥብ ያመለክታል። ሌሎቹ በኮከብ የሚመዝኑት የካምፒንግ መተግበሪያዎች ፎቶ ለማየት ይጠቅማሉ እንጂ የተፈቀደውን ከተከለከለው አይለዩላችሁም።

ከመነሣታችሁ በፊት ለፎረስት ሰርቪሱ የሊ ዲስትሪክት (ኤደንበርግ) ወይም የኖርዝ ሪቨር ዲስትሪክት (ሃሪሰንበርግ) ቢሮ ደውሉ። ሁለት ነገር ጠይቁ፦ በሩ ክፍት ነው ወይ? የእሳት ክልከላ ወጥቷል ወይ? ቅዳሜ ቢሮው ዝግ ስለሆነ ሐሙስ ጠይቁ። መስከረምና ጥቅምት ድርቅ ከገባ እሳት ሙሉ በሙሉ ሊከለከል ይችላል። በሚያዝያም ለመሄድ ላሰባችሁ፣ በቨርጂኒያ ሕግ ከፌብሩዋሪ 15 እስከ ኤፕሪል 30 ከጫካ በ300 ጫማ ውስጥ ከቀኑ አሥር ሰዓት (4 ፒኤም) በፊት እሳት ማንደድ ክልክል ነው።

መልስ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ከሜሪላንድ ለምትነሡ ሌላ አማራጭ ላክል። ነፃ አይደለም፣ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚወጣ ቤተሰብ ከሁሉም እሱን አስቀድማለሁ፦ ግሪን ሪጅ ስቴት ፎረስት፣ በ68 ወደ ካምበርላንድ ስትሄዱ። ተራርቀው በጫካው የተበተኑ፣ ጠረጴዛና የእሳት ቦታ ያላቸው 100 ያህል ያልተደራጁ የካምፕ ቦታዎች አሉት። ዋጋው ከመደበኛ ካምፕ በጣም ያንሳል። ቁጥራችሁን አስቀድማችሁ ስለምትይዙ ዓርብ ማታ ዘግይታችሁ ብትደርሱም ቦታችሁ ይጠብቃችኋል። ከሥራ በአሥራ አንድ ሰዓት (5 ፒኤም) የሚወጣ ሰው ካለባችሁ ይህ ብቻውን ዋጋውን ያወጣል።

ወደ ዌስት ቨርጂኒያ ሞኖንጋሄላ ፎረስት ከሄዳችሁ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ዶሊ ሶድስ ነው። ውብ ነው፤ ሆኖም በመንገድ 75ና 19 ዳር ድንኳን መትከል አይፈቀድም። ሬድ ክሪክ የሚባለው የክፍያ ካምፕ 12 ቦታ ብቻ ስላለው ዓርብ ከሰዓት ቦታ አይገኝበትም። ከዚህም ሌላ አካባቢው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የመድፍ ልምምድ ይደረግበት ነበርና ያልፈነዳ ተተኳሽ አሁንም ይገኛል። ልጆች የብረት ነገር ካዩ እንዳይነኩ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። በነፃ ለማደር ዊትመር አጠገብ ያለው ጋንዲ ክሪክ ይሻላል። ጅረቱን ተከትሎ ለማደሪያ የተለዩ ቦታዎች አሉ። ለእናንተ ግን ለሁለት ሌሊት ይርቃል፤ ሦስት ሌሊት ሲኖራችሁ ሂዱበት።

መልስ (ስፕሪንግፊልድ)

ስለ ዕቃው እኔ ልናገር። ከሁሉ በፊት ውኃ ነው። ለአንድ ሰው በቀን አንድ ጋሎን ያዙ፦ ለመጠጥ፣ ለምግብ፣ ለእጅ መታጠቢያ። ለአራት ሰው ለሁለት ቀን 8 ጋሎን ይሆናል፣ እሳት ለማጥፊያ 3 ጋሎን ጨምሩ። በዎልማርት የሚሸጠው የ7 ጋሎን ጀሪካን ሲሞላ 26 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ወገብ ይጎዳል፤ የሁለትና የሦስት ጋሎን ጀሪካኖች ይሻላሉ። ቢፈስ እንኳ የሚፈሰው አንዱ ብቻ ነው። የጅረት ውኃ ጥርት ብሎ ቢታይም ጃርዲያ አያጣውም፤ አንድ ደቂቃ አፍሉት ወይም አጣሩት። የማጣሪያው ክር አንዴ እርጥብ ሆኖ በረዶ ካገኘው ውስጡ ይሰነጠቃል፣ ከውጭም አይታወቅም። ስለዚህ በብርድ ሌሊት ከእናንተ ጋር በመኝታ ከረጢት ይደር።

ድንኳን ላይ ‘4 ሰው’ የሚለውን አትመኑ፤ አራት ሰው ጎን ለጎን ተጨናንቆ ቢተኛ ማለት ነው። ለእናንተ የ6 ሰው ይሁን። ርካሾቹ፣ ለምሳሌ ኮልማን ሰንዶም፣ የዝናብ ሽፋናቸው አናቱን ብቻ ይሸፍናል። ለቀጥታ ዝናብ ይበቃል፣ ነፋስ ያዘነበለው ዝናብ ግን ከጎን ያገኛችኋል። ሽፋኑ እስከ መሬት የሚወርድ ድንኳን ውድ ከሆነባችሁ ርካሹን ገዝታችሁ ከላይ ሸራ በገመድ ወጥሩበት። ከስር የምታነጥፉት ሸራ ከድንኳኑ ጠርዝ እንዳያልፍ እጠፉት፤ ካለፈ ዝናቡን ሰብስቦ ከጀርባችሁ ስር ያመጣዋል። ካስማዎቹን ጓሮ ሞክሯቸው። ከዕቃው ጋር የሚመጡት ቀጫጭኖቹ ድንጋያማ መሬት ላይ ይጣመማሉ፤ ወፈር ያሉ 8 ካስማዎችና መዶሻ ጨምሩ።

ገንዘባችሁን የምታወጡበት ፍራሹ ላይ ይሁን። ተራ የአየር ፍራሽ ውስጡ አየር ብቻ ስለሆነ ሙቀታችሁን ለመሬቱ ይሰጠዋል፤ ወፍራም ብርድ ልብስ ከላይ ብትደርቡም ከታች ትበርዳላችሁ። ‘አር-ቫልዩ’ የሚለውን፣ ፍራሹ የመሬቱን ብርድ ምን ያህል እንደሚከላከል የሚያሳየውን ቁጥር አንብቡ፣ ለዚያ ሰሞን 3 ወይም 4 ይሁን። የመኝታ ከረጢት ላይ የተጻፈው ዲግሪ ብዙውን ጊዜ የሚያስችላችሁን ነው እንጂ የሚመቻችሁን አይደለም፦ ሌሊቱ 40 ፋራናይት ከሆነ 20 የሚለውን ግዙ። አንዴ ብቻ ለመሞከር ከሆነ ደግሞ ከመግዛት መከራየት ወይም ከወዳጅ መዋስ ይሻላል።

ምድጃ፦ ቤት ለቡና የምትጠቀሙበት ባለ አንድ አፉ የቡቴን ምድጃ ቀላልና ርካሽ ነው፤ ለጠዋት ግን ይለግማል። ቡቴን ዜሮ ሴልሺየስ አካባቢ ጋዝ መሆኑን ያቆማል። ቆርቆሮው ሲነድ ራሱን እያቀዘቀዘ ስለሚሄድ 5 ዲግሪ ላይም እሳቱ ይደክማል። መፍትሔው ቆርቆሮውን ሌሊት ድንኳን ውስጥ ማሳደር ነው፣ በፍጹም እሳት ዳር አታሙቁት። የ8 አውንሱ ቆርቆሮ በኃይል ሲነድ አንድ ሰዓት ገደማ ይሄዳል። ባለ ሁለት አፉ የፕሮፔን ምድጃ ብርድ አይበግረውም፤ የአንድ ፓውንዱ ሲሊንደር አንዱ አፍ በኃይል ቢነድ ሁለት ሰዓት ያህል ይቆያል። ለአራት ሰው ለሁለት ሌሊት ሁለት ሲሊንደር ያዙ። እኔ የምለው ፕሮፔኑን ነው።

ጀበና የምትይዙ ከሆነ የምድጃው ብረት ስለሚሰፋ እንዳትገለበጥ መሐሉ ላይ ትንሽ ወንፊት ብረት አስቀምጡ። ብርድ ያደረችን ጀበና ባዶዋን ኃይለኛ እሳት ላይ አትጣዱ፣ ትሰነጠቃለች። ውኃ ሞልታችሁ በቀስታ ጀምሩ።

መልስ (ማናሳስ)

ምግብና ድብን አብራችሁ አስቡ። ጥቁር ድብ አለ፤ ሰውን አይፈልግም፣ ሽታ ግን ከሩቅ ይስበዋል። ቅቤ፣ በርበሬ፣ የጥርስ ሳሙና፣ የሕፃን መጥረጊያ ሳይቀር ሌሊት ሁሉም መኪና ውስጥ ተቆልፎ ይደር። ድንኳን ውስጥ ቆሎም ቢሆን አይግባ። ወጡን ቤት ሠርታችሁ በጠፍጣፋ ዕቃ ፍሪዘር ውስጥ በረዶ አድርጉት፤ አይስ ቦክሱ ውስጥ እንደ በረዶ ያገለግላችኋል፣ ቅዳሜ ማታ ይደርሳል። እንጀራውን በጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥላ ላይ አኑሩት፤ ላስቲክ ውስጥ ካላበው በሁለተኛው ቀን ይሻግታል። ክትፎ ይቅር። አይስ ቦክስ ከ40 ፋራናይት በታች መሆኑን ሳታረጋግጡ ጥሬ ሥጋ አይታመንም። በሶ ለጠዋት የሚያህለው የለም፦ ምድጃ አይፈልግ፣ አይበላሽ፣ ልጆችም ይወዱታል።

ከሰል ይዛችሁ የምትሄዱ፣ እባካችሁ ይህን ስሙ። ከሰል ድንኳን ውስጥም መኪና ውስጥም አይግባ። ነበልባል ባይኖረውና ሊጠፋ የተቃረበ ፍም ቢሆንም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ዚፑን ትንሽ መክፈት አያድንም። ብርድ ከሆነ ልብስ ደርቡ እንጂ ማንደጃ አታስገቡ።

ማገዶ ከቤታችሁ አትጫኑ፤ ያ ጥንዚዛ ከቦታ ወደ ቦታ የሚሄደው በማገዶ ነው። እዚያው የወደቀና የደረቀ እንጨት ሰብስቡ፣ ከክንዳችሁ የማይወፍረውን። ማጥፊያው፦ ውኃ አፍሱበት፣ በአካፋ አመዱን ገልብጡ፣ እንደገና አፍሱ፣ በእጃችሁ ዳስሱ። ትንሽ ሞቅ ካለ አልጠፋም።

ሽንት ቤት ከጅረትና ከድንኳን 200 ጫማ (60 ሜትር) ርቆ፣ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ተቆፍሮ፣ በአፈር ይሸፈን። ወረቀቱን በዚፕ ላስቲክ ይዛችሁ ተመለሱ፤ ከተቀበረ እንስሳ ያወጣዋል። ልጆቹ ሱሪያቸውን ካልሲ ውስጥ ያስገቡ። ማታ ማታ ብብትን፣ ከጆሮ ኋላንና ጉልበት ስርን ለመዥገር ፈትሹ። የተጣበቀውን በጠባብ ወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ፤ ቅባትም ክብሪትም አይጠቅምም።

ጠያቂ (አሌክሳንድሪያ)

እግዚአብሔር ይስጥልን! ክሪስማን ሆሎውን መርጠናል። ሲየናችን ሃይብሪድ ናት፤ ሌላ የምንጨምረው አለ?

መልስ (ሃሪሰንበርግ)

አሁኑኑ ኋላዋን ከፍታችሁ ስኮርታ እንዳላት እዩ። ብዙ ሃይብሪዶች በስኮርታ ፈንታ ትንሽ መጭመቂያና ጎማ መድፈኛ ፈሳሽ ብቻ ነው ያላቸው። ፈሳሹ የሚስማር ቀዳዳ ይደፍናል፣ ሹል ድንጋይ የቀደደውን የጎማ ጎን ግን አይደፍንም፤ እዚያ ደግሞ ስልክ ስለሌለ ጎታች መኪና አትጠሩም። ከሌላት ስኮርታ፣ ክሪክና የጎማ መፍቻ አግኙ፣ ብሎኖቹ የሚፈቱ መሆናቸውንም ቤት ሳላችሁ ሞክሩ። ነዳጅ ኒው ማርኬት ላይ ሙሉ። የመኪናውን መለያ፣ የምትገቡበትን መንገድ ቁጥርና እሁድ በስንት ሰዓት እንደምትወጡ ጽፋችሁ ለአንድ ዘመድ ስጡ።